ሳይገድል የጀገነው ወታደር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። የሐረጎን ጥምዝ የሚያውቅ ሾፌር ገና ከላይ ማርሽ ቀንሶ የሚጀምረው፣ ደጋግሞ የተረገጠ ፍሬን ግሎ መያዝ እንደሚያቅተው ስለሚያውቅ ነው። ልጅ ሳለሁ በዚሁ ቁልቁለት ወታደር የጫነ ኦራል ተገልብጦ አይቻለሁ። ስንደርስ ሸራው ተቀዶ፣ ናፍጣው ድንጋይ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ከወጡት ወታደሮች አንዱ፣ ግንባሩ የሚደማ ወጣት፣ ሊጠጋ የተንደረደረውን ሰው ሁሉ «ቆይ! መጀመሪያ ድንጋይ አምጡ» ብሎ አስቆመ። መኪናው ይበልጥ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ድንጋይ ካስደገፈ በኋላ በተሰበረው መስታወት ወደ ጋቢናው ገባ። ሾፌሩ በመሪው ተይዞ ነበር። ወጣቱ ቀበቶውን ፈትቶ የሾፌሩን ጭን ከቁስሉ በላይ ጥፍር አድርጎ አሰረው፤ ብረቱ በዲጅኖ እስኪፈለቀቅ ድረስም አጠገቡ ተኝቶ «የእናትህ አገር የት ነው? ስንት እኅት አለህ?» እያለ አነጋገረው።

ሾፌሩ በቃሬዛ ከወጣ በኋላ አንዱ «ይህ ነው ጀግና!» ቢል፣ አንድ አዛውንት «ምን ገደለና?» አሉ። በክፋት አልነበረም። በፉከራችን «ገዳይ» ማሞገሻ ነው፤ «አዳኝ» ሲባል እንኳ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን አውሬ የሚያድነው እንጂ ነፍስ የሚያድነው አይደለም። እኔ ግን አዛውንቱ ተሳስተዋል እላለሁ። በውጊያ ላይ ትእዛዝ አለ፣ ወደኋላ ያለም ይጠየቃል። ያ ወጣት ግንባሩን ይዞ መንገድ ዳር ቢቀመጥ ኖሮ ግን ማን ይወቅሰው ነበር?

ይህን ልዩነት በሕግ ያሰፈሩ አገሮች አሉ። አሜሪካ ከጠላት ጋር ባልተገናኘ አደጋ ላይ በፈቃዱ ሕይወቱን ለአደጋ ላጋለጠ ወታደር የሚሆን «የወታደር ሜዳይ» በ1926 እ.ኤ.አ. ደንግጋለች። ብሪታንያም ጠላት በሌለበት ለተፈጸመ ታላቅ ጀብዱ የጆርጅ መስቀልን በ1940 እ.ኤ.አ. አቁማለች። እኛ ዘንድም ከሜዳዩ በፊት መዝገቡ ቢቀድም እመርጣለሁ። የአደጋ ሪፖርት ሲጻፍ የመኪናው ቁጥር፣ የሞተውና የቆሰለው ሰው ብዛት እንደሚሰፍር ሁሉ ወደ ጋቢናው የገባው ሰው ስምም ይስፈር። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለቀብር ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ቆጥሮ የቀረውን የሚቀጣ ቅሬ የሚባል ዕድር አለን።

ሙገሳው ግን የፍሬኑን ጥያቄ እንዳይሸፍን እፈራለሁ። ጀግና በተገኘበት አደጋ ላይ ሁላችንም ስለ ጀግናው እናወራና መኪናውን ማን መረመረው፣ ስንት ሰው ጭኖ ነበር፣ ሾፌሩስ ስንት ሰዓት ሳይተኛ ነዳ የሚለው ይረሳል። ሁለቱም በአንድ መዝገብ ላይ ቢሰፍሩ አንዱ ሌላውን አይጋርደውም።

የዚያን ወጣት ስም በዕለቱ የጠየቀው አልነበረም። ቀበቶው ከሾፌሩ ጋር በቃሬዛ ሄዷል፤ እሱ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ በሌላው ቁጥቋጦ እየጨበጠ ዳገቱን ሲወጣ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት።