ኮፈኖውን ከፍተው «ምንም የለውም» ሲሉህ

መኪናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ያለችው እዚህ ጎንደር፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ገና 2,300 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላችም። የወንበሯን ላስቲክ ያወለቅኩት በዚያው ሳምንት ነበር። በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ ነው፤ ከፊቴ ጭነት የከበደው አይሱዙ ያዘግማል፣ ከኋላዬ ባጃጅ ተሰልፏል። ሞተሩ አልተንገጫገጨም፣ አልተንተፋተፈም። ዝም አለ። መሪው ከበደኝ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ ቦግ አለ፣ ከኋላ ክላክሱ ተጀመረ። ሁለት የባጃጅ ልጆች ወርደው ወደ ጥግ ገፉልኝ። አንደኛው «ጋሼ፣ ዜሮ ዜሮ አይደለች እንዴ?» አለኝ። ናት አልኩት። ሳቁን ዋጥ አደረገ።

ከ20 ደቂቃ በኋላ ቁልፉን ሳዞረው ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣች።

የሻጩን ስም አልጠራም። ጠብ የለኝም፤ የእኔ ብቻ ቢሆን ደግሞ አልጽፍም ነበር። ግን በዚህ ከተማ አዲስ መኪና፣ አዲስ ባጃጅ፣ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝቶ አልለቅ ባለ ብልሽት የሚንከራተት ስንት ሰው እንዳለ የገባኝ እኔ ላይ ሲደርስ ነው። ሁሉም ጋ ታሪኩ አንድ ነው። ወሰድኩት፣ «ተሠርቷል» አሉኝ፣ ተመልሶ ያው ሆነ። እኔ የምለው አጭር ነው። ብልሽቱ በሚመጣበት ሁኔታ ሳይሞከር የተመለሰ መኪና ተጠገነ አይባልም። ያው ብልሽት ዳግም ከመጣ ደግሞ ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚለውን መወሰን ያለበት ገዢው ነው።

ወኪሉ ያለው ባሕር ዳር ነው። የጋራንቲ ደብተሩ የሌላ ሰው እጅ ከነካት ዋስትናው ይሰረዛል ይላል። ስለዚህ ጎንደር ላይ የታመመች መኪና ሐኪሟን ለማግኘት 180 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን። ነዳጁ ከእኔ፣ አልጋው ከእኔ፣ የቀረው ሥራም የእኔ። ደብተሩ ስለዚህ አንድ መስመር የለውም።

የመጀመሪያው ጊዜ ማታ አስረክቤ ጠዋት ተረከብኩ። «ነዳጅ ነው ጋሼ፣ ከየትም አይቅዱ» ተባልኩ። በሁለተኛው ካንዴላና የነዳጅ ፊልትሮ ቀየሩ። በሦስተኛው አንድ ሴንሰር ቀየሩ፤ ሦስት ሳምንት ደህና ሆነች። እኔም ለሰው ሁሉ ዳነች ብዬ አወራሁ። ከዚያ ጥር 10 መጣ። ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ከመውረዳቸው በፊት አክስቴ ቤት ልድረስ ብዬ፣ ሁለት ጀሪካን ጠላ ጭኜ፣ ሕዝቡ መሀል በእግረኛ ፍጥነት እየተንፏቀቅሁ ሳለ ድጋሚ ቀጥ። ነጭ የለበሰ ወጣት ሁሉ እየሳቀ ገፋኝ። ጠላው በትከሻ ሄደ።

በአራተኛው ጉዞዬ የሰማሁትን ምክንያት እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ጎንደር ከፍታ ስለሆነ ነው» አሉኝ። እውነት ነው፣ ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። ግን ጉልበት ማነስና መሞት ይለያያል። ደግሞስ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ከፍታው ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ያለው መኪና ሁሉ አስፋልት ላይ ተኝቶ ይታይ ነበር።

ነገሩን የፈቱልኝ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌትሪክ ሠሪ ናቸው። እዚሁ ጎንደር ነው የሚሠሩት። «ጋሼ፣ አይንኩብኝ፣ ጋራንቲ አላት» አልኳቸው። «ብሎን አልፈታም፣ ላያት ብቻ» አሉ። ከመሪው በታች ያለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ስካነራቸውን፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን መሣሪያ፣ ሰኩ። አንድ የብልሽት ኮድ ወጣ፤ ፒ0339። የክራንክ ሴንሰር መስመር መጣ ሄደ ይላል ማለት ነው። ክራንክ ሴንሰሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን ለኮምፒውተሩ የሚነግር ነው። እሱ ዝም ካለ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለዋል፤ ነዳጁንና እሳቱን ይቆርጣል።

«ሴንሰሩ እኮ ተቀይሯል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይኼ ሴንሰሩን ቀይሩ አላለም። መስመሩ ይቆራረጣል ነው ያለው። መስመር ማለት ሴንሰሩም ሽቦውም ሶኬቱም ነው።»

ከእሳቸው የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። መኪናው ኮዱን ሲመዘግብ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ሁኔታም አብሮ ይይዛል፤ ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ዙር፣ የውሃውን ሙቀት። ይህ መረጃ ወርቅ ነው። ጋራዡ ግን እኔ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው ኮዱን ማጥፋት ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የብልሽት መብራት ያጠፋሉ፣ መብራቱ ጠፋ ብለው መኪናዋን ይሰጡኛል። ብልሽቱ የጻፈውን ደብዳቤ ሳያነቡ ቀድደው ይጥሉታል ማለት ነው። እኔም ምስኪኑ ጠዋት መብራቱ አለመብራቱን አይቼ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር።

ቀጥለው ጠየቁኝ። ሜዳ ላይ ጠፍታብህ ታውቃለች? አታውቅም። ጠዋት ስትነሣ? አታውቅም። ዳገት፣ ቀስ ብለህ፣ ሞቃ? አዎ፣ ሁልጊዜ። «በቃ። ባሕር ዳር ስትወስዳት ፎገራን በ80 ነው የምታልፈው። ነፋሱ ያቀዘቅዛታል። ማታ ታድራለች፣ ጠዋት በርዳ ይሞክሯታል። በሽታዋን ደብቃ ነው የምትገባላቸው።» ስልክህን ዳሽቦርዱ ፊት አስረህ ቅረጻት አሉኝ። ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ የሻይ ብቻ ነው።

ቀረጽኳት። በሦስተኛው ቀን ዳገቱ ላይ መኪናዋ ገና እየተንከባለለች የዙር ቆጣሪው ወደ ዜሮ ወረደ። ሰዓቱም ሙቀቱም ይታያል። ቪዲዮውን ይዤ ባሕር ዳር ሄድኩ። ትቻት አልሄድም አልኩ። አንድ ቴክኒሻን አብሮኝ ይውጣ፣ ስካነሩ እንደተሰካ። ተግደርድረው ፈቀዱ። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ኤሲ ከፍተን፣ አንዴ ወጣን ወረድን፣ ሁለቴ ወጣን ወረድን። በሦስተኛው ሞተችልን። በመኪና መሞት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጁ ቀልጣፋ ነው። ኮፈኖውን ከፈተ፣ ባትሪ አብርቶ እጁን ወደ ታች ሰደደ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ሽቦ መያዣው ላይ አልገባም። ሲገጣጠም ጀምሮ የጭስ ማውጫው ላይ ተደግፎ ኖሯል። ልባሱ ቀልጦ መዳቡ ይታያል። ሲግል ብረት ይነካል፣ ሲበርድ ይለቃል። ሽቦውን ቀየረ፣ ሙቀት የሚከላከል ልባስ አለበሰው፣ ወደ መያዣው መልሶ አሰረው። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። ለአንድ ሰዓት ሥራ አምስት ጉዞ።

ልጁን አልወቅሰውም፤ መጀመሪያውኑ አብሮኝ እንዲወጣ ቢታዘዝ ያገኘው ነበር። ችግሩ ማንም የሚያስገድዳቸው ስለሌለ ነው።

አሜሪካኖች እንዲህ ያለችውን አዲስ መኪና «ሎሚ» ይሏታል። እኛ ዘንድ በጥምቀት ሎሚ የሚወረወረው ለወደዷት ልጅ ነው። እነሱ መልኩ አምሮ ሲቀምሱት የሚያኮማትረውን ነገር አስበው ነው መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮኔቲከት የምትባለው ግዛት ለዚህ ብላ ሕግ አወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሕጋቸው በጥቅሉ ይቆጥራል። ለአንድ ብልሽት ሦስት አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልተሳካ፣ ወይም መኪናው በድምሩ 30 ቀን ገደማ ጋራዥ ከቆመ፣ አምራቹ ይቀይር ወይም ገንዘብ ይመልስ ነው። አሜሪካ ሩቅ ነው ለሚል ደቡብ አፍሪካ አለች። የእነሱ የሸማቾች ሕግ እ.ኤ.አ. የ2008 ነው። የተጠገነው ዕቃ በሦስት ወር ውስጥ ያው ብልሽት ከተመለሰበት ሻጩ ይቀይራል ወይም ገንዘቡን ይመልሳል ይላል። እኔን የማረከኝ ይኼኛው ነው። በዚህ ሕግ ቢሆን ጉዳዬ በሁለተኛው ጉዞ ባለቀ ነበር።

እኛስ? ባዶ አይደለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል። ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ዓይነቱን ገልጾ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። ካሳወቀ በኋላም ለመጠየቅ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ቀይሩልኝ ወይም ብሬን መልሱ እንዲል ፈቅዶለታል። ለሸሚዝ 15 ቀን ይበቃል። ሲሞቅ ብቻ ለሚታይ የሽቦ ችግር ግን ምኑም አይደለም። የእኔዋ ሽቦ ልባሱን ለማቅለጥ ብቻ ሁለት ወር ፈጅቶባታል።

ጎድሎን የማየው ቆጠራው ነው። ስንት ጊዜ ሲሞከር «አልተቻለም» እንደሚባል የጻፈልን የለም። ስለዚህ ጋራዡ አሥር ጊዜም ሊያመላልስህ ይችላል፤ በወረቀት ላይ ሁሌም እየጠገነ ነው። መኪናው የቆመበት ቀን ከዋስትናው ላይ ይበላል እንጂ አይጨመርልህም። ባንኩም የወር ክፍያውን መኪናዬ ጋራዥ ናት ብለህ አያቆምልህም። ወኪል በሌለበት ከተማ የሸጠ ኩባንያ የማመላለሻውን ይቻል ቢባል፣ እመኑኝ፣ አምስት ጉዞው በአንድ ጊዜ አንድ ይሆናል። ሽቦውን በመጀመሪያው ቀን ያገኙት ነበር።

ለራሳችንም ጥፋት አለን። ወረቀት መጠየቅ እንደ ጠብ ይታየናል። እኔ ከመጀመሪያዎቹ አራት ጉዞዎች አንዱም ላይ ጆብ ካርድ፣ ጋራዡ የደንበኛውን አቤቱታና የሠራውን የሚጽፍበትን ወረቀት፣ አልያዝኩም። «ይሞታል» ስል ተቀባዩ «ጀነራል ቼክ» ብሎ ጻፈ፤ ፈረምኩ። ጠበቃ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ራሱን ይዞ ሳቀብኝ። ለሕጉ እኔ ስለ ሞተር መሞት ለማንም አላሳወቅሁም፤ መኪናዬን ለጠቅላላ ምርመራ ወስጄ ነው የመለስኩት። ቃልህን ቃል በቃል ያጽፉልህ። መቼ፣ የት፣ ሞቃ ወይስ በርዳ፣ በስንት ማርሽ። «ምንም አላገኘንም» ካሉም እሱኑ ጽፈው ይፈርሙልህ፤ እሱም አንድ ጊዜ ነውና ይቆጠራል።

«ሽጠህ ገላገል» ያሉኝም ብዙ ናቸው። ለማን? ለሌላ ጎንደሬ፣ እዚያው ዳገት ላይ እንዲቆም? ፊቱን በየቀኑ ፒያሳ ላይ እያየሁ?

የኤሌክትሪኩ መኪና ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ ሲባል ባለ ቻርጀር ሆኗል። እነዚህ ላይ ብልሽቱ ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌው በጆሯቸውና በአሮጌ ስካነራቸው የሚይዙት አይደለም። መረጃው ያለው አምራቹ ጋ ነው። ያኔ «ምንም የለውም» ሲሉህ ምን ይዘህ ትሟገታለህ?

ወደ ባሕር ዳሩ ልመለስ። ልጁ ሥራውን ሲጨርስ ጆብ ካርዱ ላይ «ኬብል ተስተካክሏል» ብሎ ጻፈ። አልፈርምም አልኩ። ሽቦው የት እንደነበረ፣ ለምን እንደቀለጠ ጻፍ። እየሳቀ ሦስት መስመር ጻፈልኝ። ከሊብሬው ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ከአጠገባችን የእኔው ዓይነት መኪና ቆማለች፤ ቀለሟ ብቻ ነው የሚለየው። ለሰርቪስ ነው የመጣችው። «እስቲ ይችን ክፈታት» አልኩት። ዙሪያውን አየና ከፈታት። ባትሪውን ወደ ታች አበራ። ሽቦው እዚያው ነው፣ ከመያዣው ወጥቶ ጭስ ማውጫው ላይ ተደግፏል። ልባሱ ገና አልቀለጠም። ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያ ኮፈኖውን ቀስ አድርጎ ዘጋው። «ይኼ ጆብ ካርዷ ላይ የለም» አለኝ።

ባለቤቷ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ማኪያቶ ይጠጣ ነበር። ሄጄ ነገርኩት። «የእኔ እኮ ምንም የላትም» አለኝ። ስልኬን አወጣሁና ቪዲዮውን ከፈትኩለት።