የመስቀል ወፍን ስም አታጥፉ

ወገኖቼ፣ የሐዋሳ ሰዎች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይነካል፤ ብቻዬን ንጹሕ ነኝ አላልኩም።

የዓለም የፍልሰተኛ ወፎች ቀን በዓመት ሁለት ጊዜ ይከበራል፤ አንዴ ግንቦት መግቢያ ላይ፣ አንዴ ደግሞ መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲጠጋ። ባለፈው የሰፈራችን የወፍ ክበብ ሐይቁ ዳር ሲያከብር ሰው ጎርፎ ነበር። ቲሸርቱ አለቀ። ባነሩ ሥር ለፎቶ ወረፋ ተያዘ። አንዱ ደግሞ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ሞንታርቦ አቆመ። ሙዚቃው ሲለቀቅ ሸምበቆው ውስጥ የነበረው ሁሉ ብድግ ብሎ ወደ ማዶ በረረ። ባይኖኩላሬን አንስቼ ብዞር ብዞር፣ በወፎች በዓል ላይ ወፍ የለም! ቀጥሎ ፊኛ ተለቀቀ። የት እንደወደቀ መገመት አያቅታችሁም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ለጽዳት ስንጠራችሁ አራት ሰው መጣ። አንዷ ዓሣ ሻጭ ናት፤ እሷማ ድሮም እዚያው ነበረች።

ያን ዕለት "የመስቀል ወፍ ሁላ!" ብዬ ልሰድባችሁ ነበር። ኋላ ሳስበው ወፉን መስደብ ሆነብኝ። ከአደይ አበባ ጋር ቀጠሮ አለው የምንለው ወፍ እኮ የትም አልሄደም። በዚህ ስም የምንጠራቸው ወፎች ወንዶቹ ያን ያማረ ላባ የሚለብሱት በመራቢያቸው ወቅት ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ያወልቁትና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ። ከድንቢጥ ለመለየት ዓይን ይፈልጋል። ጥርም የካቲትም እዚሁ አጥራችን ላይ ናቸው፤ ያላየናቸው እኛ ነን። ጌጡን ሲያወልቅ አብሮ የሚጠፋውስ በጎ ፈቃደኛው ነው።

እስቲ ጠዋት አሞራ ገደል ሂዱ። ጀልባዎቹ ሲመለሱ ቆሮሶውና አምባዛው ይበለታል፤ ሆድ ዕቃው ይጣላል። አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ ወፍ ቆሞ ይጠብቃል። ቁመቱ ሕፃን ልጅ ያክላል፣ ራሰ በራ ነው፣ አንገቱ ላይ ከረጢት አንጠልጥሏል። መልኩን አይተን እንስቃለን። እሱ ያንን ትርፍራፊ ባይለቅምልን ግን በሦስተኛው ቀን አፍንጫችንን ይዘን በሄድን ነበር። ችግሩ፣ አባ ኮዳ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ነገር ካገኘ አይመርጥም። ፌስታልም ቢሆን ይውጣል። የተበጠሰ የመረብ ናይለን ደግሞ እግሩ ላይ ይጠመጠማል። በተራመደ ቁጥር ይጠብቃል፣ ደም ይቆማል፣ ጣት ይረግፋል። የሚያነክስ አባ ኮዳ ስታዩ "ውይ፣ ሚስኪን" ብላችሁ ፎቶ ታነሣላችሁ። እግሩ ሥር የወደቀውን ሌላ ክር ግን ማንም አያነሣም። መሣሪያ እኮ አይፈልግም፤ ማጎንበስ ብቻ ነው። ዓሣ እያሳያችሁ ለቪዲዮ የምታባብሉትም፣ ተዉ። ወፉ ሥራ ላይ ነው።

ስለ ቆጠራውም ልናገር፣ ምክንያቱም በጣም የተናደድኩት እዚያ ላይ ነው። ጥር ላይ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ። ያኔ ሐይቆቻችን ላይ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎች አሉ። ቆጠራው ፌሽታ የለውም። ብርድ አለ፣ ጭቃ አለ። አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል። መንጋው ሲበዛ አሥር አሥር እየተባለ ይገመታል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ሲደጋገም ነው። የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ካላስተያያችሁት ወፉ ይብዛ ይነስ አታውቁም። አንድ ጥር ካመለጠን ደግሞ መዝገቡ ላይ ያ ዓመት ባዶውን ይቀራል፤ ሰኔ ላይ ተነሥቶ የጥርን ወፍ መቁጠር አይቻልም። "እመጣለሁ፣ ቀስቅሱኝ" ብሎ ስልኩን አጥፍቶ የተኛው ሰው ራሱን ያውቃል። ስሙን አልጠራም።

በነገራችን ላይ፣ ከሁላችንም የተሻለው ቆጣሪያችን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። አምና በወንጭፍ ሲያነጣጥር ነበር ያገኘነው። ወንጭፉን አልቀማነውም፤ ባይኖኩላር አዋስነው። ዓይኑ ድሮም የሠለጠነ ነበር። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ከመገሠጻችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ከሆለታ ወዲያ በርጋ የሚባል ረግረጋማ ሜዳ አለ። ክረምት ላይ እዚያ ሣር ውስጥ አንዲት ክንፈ ነጭ ትንሽ ወፍ ትራባለች። ከኢትዮጵያና ከደቡብ አፍሪካ ሌላ የትም ስትራባ አልተገኘችም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ሣሩ ውስጥ ተደብቃ ስለምትኖር ለሰልፊ አትመችም። የአካባቢው ሰዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1966 ከተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው፣ ቡድን አቋቁመው ይጠብቋታል። እስቲ አስቡት። ከብት ያለው ገበሬ ነው። ሐምሌ ላይ ለምለም ሣር ፊቱ ተዘርግቶ ስለማትታይ ወፍ መጨነቅ ቀላል ይመስላችኋል? እናንተ የተጠየቃችሁት በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ያውም ከቁርስ በፊት ያልቃል።

ገንዘብ ስጡ አላልኩም። ክበባችን ያለው ሁለት ባይኖኩላር ነው፣ የአንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፤ እሱንም ተቻችለን እንጠቀምበታለን። የጎደለን ሰው ነው። የመስከረም ሰው ሞልቶናል፣ የየካቲት ሰው ነው ያጣነው።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ዓሣ ገበያው በር ላይ እንገናኝ። ጓንትና ማዳበሪያ ከረጢት ያዙ። ውሃ የምትይዙ ከሆነ ባዶውን ሃይላንድ ይዛችሁ ተመለሱ። ሞንታርቦው ቤቱ ይዋል። ቲሸርቱን ግን ልበሱት፤ ዓሣ ዓሣ ቢሸትም ግድ የለም፣ ለዚያው ነው የተሰጣችሁ።