ጸጥታና ውይይት በአንድ ጣሪያ ሥር

አንድ ጸሐፊ ቤተ መጻሕፍት የጸጥታ ቦታ በመሆኑ ነፃ የመጻሕፍት ውይይቶችና የልጆች መርሐ ግብሮች ወደ ሌላ አዳራሽ ይዛወሩ ማለታቸውን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ይሁንና አልስማማበትም። አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ከንባብ ክፍሎቹ ጋር የሕፃናት ክፍልና የመሰብሰቢያ ስፍራዎች ተካተውለት ስለነበር፣ ሲታሰብ ጀምሮ ሰው እንዲገናኝበት ጭምር የተሠራ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና ብዙዎቻችን ወመዘክር እያልን የምንጠራው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትም አዳራሹን ለመጻሕፍት ውይይት ሲከፍት ኖሯል። እኔ ከደራስያን ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገር የበቃሁት በዚያ አዳራሽ ነው፤ የመግቢያ ክፍያ ቢኖር ኖሮ፣ ከታክሲ የሚተርፍ ገንዘብ ያልነበረኝ ተማሪ ስለነበርሁ፣ ከበሩ እመለስ ነበር።

የድምፁ ጉዳይ ግን እውነተኛ ቅሬታ ነው። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች፣ በተለይ ቤታቸው የጠበበባቸው፣ ሌላ ማጥኛ የላቸውም። ስለዚህ ውይይቱ ከንባብ ክፍሎቹ ርቆ፣ ሰዓቱም ተለይቶ ቢካሄድ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የብዙ ነፃ ዝግጅቶች ማስታወቂያ በቴሌግራምና በፌስቡክ ብቻ መውጣቱ ነው። በሰፈራችን ያሉ ጡረተኞችና ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች፣ መግቢያው ነፃ መሆኑን እንኳ ሳይሰሙ ቀኑ ያልፍባቸዋል። በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ወረቀት ቢለጠፍ፣ በእድር ስብሰባም ቢነገር፣ እነዚህ ሰዎች ይመጣሉ።