ኮምፒውተር ፊደል ቆጥሯል ወይ?

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው እሑድ ለአይሲቲ ፈተና ስታጠና አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። ደብተሯን ዘግታ፣ ዓይኗን ጨፍና በቃሏ ትወጣዋለች። ኮምፒውተር ዳታ ተቀብሎ፣ ፕሮሰስ አድርጎ፣ ውጤት የሚሰጥ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ በቫኪዩም ቲዩብ ይሠራ ነበር። ሁለተኛው በትራንዚስተር። አንድም ቃል አልሳተችም።

«እሺ፣ ስልክሽ ላይ ‹ሰላም› ብለሽ ስትጽፊ፣ ስልኩ ሰላም ምን እንደሆነ ያውቃል?» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ «ይሄ እኮ ፈተና ላይ አይመጣም» አለችኝ።

ልክ ናት፤ አይመጣም። እኔ ግን መምጣት ነበረበት ባይ ነኝ። እንዲያውም ኮምፒውተር ሳይንስ ለጀማሪ መጀመር ያለበት ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው።

አሁን ጊዜው የኮድ (ለኮምፒውተር የሚጻፍ ትእዛዝ) ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ብዙ ወጣት በነፃ እያስተማረ ነው። የማውቃቸው ልጆች ሰርተፊኬታቸውን ሲለጥፉ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን ኮድ መጻፍ የሙያው እጅ ነው። ዓይኑ ሌላ ነው። ማስላት ማለት ምን ማለት ነው? ደንብ ተከትሎ መሥራትና መረዳት አንድ ናቸው? ደንብ በመከተል ሊደረስበት የማይችል ነገር አለ? እነዚህን ጠይቆ የማያውቅ ልጅ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ቢማርም የተማረው ሌላ ዓይነት ሽምደዳ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ጥያቄዎቹ ደግሞ የኮምፒውተር ክፍል አይፈልጉም። መብራትም አይፈልጉም። እሑድ ዕለት እኔና እሷ የተጠቀምነው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው።

መጀመሪያ ፊደል ቆጠርን። ኮምፒውተር ውስጥ ፊደል የለም፤ ያለው ቁጥር ነው። ዓለም የተስማማበት የፊደላት መዝገብ ዩኒኮድ ይባላል። የእኛ ፊደል እዚያ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። ለ«ሀ» የደረሳት ቁጥር 4608 ነው። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይቀጥላል። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል። ስለዚህ «ለ» 4616 ላይ ትጀምራለች፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632።

ይህን ብቻ ነግሬያት «ሰላምን በቁጥር ጻፊልኝ» አልኳት። በጣቷ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያለች ቆጠረች። ስድስት ቤት አለፍኩ፣ ስድስት ጊዜ ስምንት አርባ ስምንት፣ ስለዚህ «ሰ» 4656። «ላ» ራብዕ ናት፣ ከ«ለ» ሦስት እርምጃ፣ 4619። «ም» ሳድስ፣ 4637። ደብተሯ ላይ 4656፣ 4619፣ 4637 ብላ ጻፈች። ስልኳ ውስጥ ያለውን በእጇ ሠራችው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። እነዚህን ቁጥሮች ኮምፒውተሩ በሚያውቀው በ0 እና በ1 ብትጽፏቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች የፊደሉን እርከን ይነግሯችኋል። ግዕዝ 000፣ ካዕብ 001፣ ሣልስ 010፣ እስከ ሳብዕ 110 ድረስ። «ሉ» 1001000001001 ናት። ጫፏን እዩት፣ ካዕብ። «ሏ» ደግሞ የቀረችውን 111 ወሰደች። ፊደላችንን በሰንጠረዥ የደረደሩት አባቶች ስለ ኮምፒውተር አያውቁም ነበር። ግን ሥርዓት ያለው ነገር ሠርተው ስለነበር ማሽኑ ሲመጣ ያለ ችግር ተቀበለው። ልጅቷ ይህን ስታይ ባይነሪ (ይህ የ0 እና የ1 አጻጻፍ) የፈተና ጥያቄ መሆኑን ረሳችው።

«ታዲያ» አልኳት፣ «ከነዚህ ሦስት ቁጥሮች ሰላም የቱ ጋ ነው?»

ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። ለእኛ «ኃ» እና «ሀ» ድምፃቸው አንድ ነው። ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የአባቴን ስም አንዱ ሠራተኛ በ«ኃ» መዝግቦት፣ ሌላው በ«ሀ» ፈልጎ «ሲስተሙ ላይ የሉም» ብሎ መልሶናል። አባቴ አጠገቤ ቆመው። ተቃራኒውም አለ። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን» ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። ለማሽኑ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ናቸው። እኛ አንድ የምንለውን ሁለት ይላል፣ ሁለት የምንለውን አንድ ይላል። እሱ የያዘው ቅርጹን ነው። ትርጉሙ ያለው እኛ ጋ ነው።

እውነት ግን እኛ ጋ ብቻ ነው? በዚህ ጉዳይ ፈላስፎች እስካሁን እየተከራከሩ ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 እ.ኤ.አ. «ማሽን ያስባል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በሌላ ተካው። በጽሑፍ ስታወራው ከሰው መለየት ካቃተህ በቂ ነው አለ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል በ1980 ተቃወመ። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ፣ የደንብ መጽሐፍ ቢሰጠው፣ በደንቡ መሠረት ለቻይንኛ ጥያቄ የቻይንኛ መልስ ቢያወጣ፣ ውጭ ያለው ሰው ቻይንኛ የሚያውቅ ይመስለዋል። ሰውየው ግን አንዲት ቃል አልገባውም።

ይህን ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ለማስረዳት ቻይና ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የኔታ ዘንድ የተማረ ልጅ ያውቀዋል። ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይለያል፣ ዳዊት ይደግማል። ተነሽ ወዳቂውን፣ ማለትም የንባቡን አጣጣል፣ ሳይስት መቶ ሃምሳውን መዝሙር በግዕዝ ያነበንበዋል። ለሚሰማው ግዕዝ አዋቂ ነው። ልጁ ግን ግዕዝ አይሰማም፤ ሰዋስውና ትርጉሙን የሚያገኘው ቆይቶ ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። ታዲያ ዳዊት ደጋሚው ልጅ ምን ያውቃል ማለት ነው? ምንም? እኔ ምንም አልልም። የሆነ ነገርማ ያውቃል። በቃሉ የያዘው ነገር ለቅኔው መሠረት ይሆነዋል። ስለዚህ ሰርልን ሳነብ ግማሽ ልቤ ብቻ ነው የሚስማማው። ዛሬ በአማርኛ የሚመልሱልንን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የሚጠቀም ወጣት ሁሉ ይህን ክርክር ቢያውቅ ደስ ይለኛል። የነገሩትን ሁሉ ከማመኑ በፊት ቆም ብሎ ያስባል።

ሌላው ጥያቄ የድንበር ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዴቪድ ሒልበርት በ1928 እ.ኤ.አ. አንድ ጥያቄ አቀረበ። አንድ ሐሳብ ከመነሻ ሕጎቹ በማስረጃ የሚወጣ መሆን አለመሆኑን ደንብ በመከተል ብቻ የሚወስን ዘዴ አለ? በ1936 አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች እና ወጣቱ ቱሪንግ ለየብቻቸው «የለም» ብለው አረጋገጡ። ያኔ «ኮምፒውተር» የሚባለው ሰው ነበር፤ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሠራተኛ። ቱሪንግ በሐሳቡ የሠራው ማሽን የዚያን ሰው ወረቀትና እርሳስ የሚመስል ነው። ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ዕቃ የመጣው አንድ ወጣት «ምን ማስላት አይቻልም?» ብሎ ከጠየቀው ጥያቄ ነው። ይህን ለጀማሪ ሳይነግሩ ትውልድ አንድ፣ ትውልድ ሁለት ማለት ታሪኩን መዝረፍ ይመስለኛል።

ደንብ ሁሉን መወሰን እንደማይችል የሚያሳየውን ክርክር ለልጅቷ በምሳሌ እንዲህ አልኳት። አንድ ሰው መጥቶ «ማንኛውንም ፕሮግራም አይቶ ይቆማል ወይም አይቆምም ብሎ የሚፈርድ ፕሮግራም አለኝ» ቢል፣ ዳኛ እንበለው። እኔ ደግሞ እልኸኛ የሚባል ፕሮግራም እጽፋለሁ። እልኸኛው ስለ ራሱ ዳኛውን ይጠይቃል። ዳኛው «ትቆማለህ» ካለው ዘላለም ይሠራል። «አትቆምም» ካለው እዚያው ያበቃል። ዳኛው ምንም ቢፈርድ ተሳሳተ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዳኛ ሊኖር አይችልም። ብር ቢኖርም፣ ፈጣን ማሽን ቢመጣም።

«እንጀራ የሚያበላው ኮዱ ነው፣ ፍልስፍናው ለምን ይጠቅማል?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ጊዜ የለውም። ግን ዛሬ የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚጻፍበት ኮትሊን የሚባለው ቋንቋ ይፋ የሆነው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ነገ ሌላ ይተካዋል። የ1936ቱ ሐሳብ ግን አሁንም በቦታው አለ። ኮዱንም ቢሆን አሁን ማሽኑ ራሱ መጻፍ ጀምሯል። የተጻፈው ልክ ነው ወይ፣ ለማን ነው፣ ‹ኃ› እና ‹ሀ› አንድ ናቸው ወይ ብሎ የሚፈርድ ሰው ነው የሚያስፈልገን። አንድ ሳምንት ለጥያቄው ሰጥተን ወደ ኮዱ ብንገባ ማን ይከስራል?

ከመሄዴ በፊት አንድ ጨዋታ ሰጠኋት። ቁጥር ምረጪ። ተጋማሽ ከሆነ ለሁለት አካፍዪ፤ ጎዶሎ ከሆነ በሦስት አባዢና አንድ ጨምሪ። 1 ላይ ስትደርሺ አቁሚ። በ6 ጀመረች፦ 3፣ 10፣ 5፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በ7 አስራ ስድስት እርምጃ ፈጀባት። «ሁሌ ይቆማል ማለት ነው» አለች። በ27 ሞክሪ ብያት ወጣሁ።

ማታ መልእክት ላከች። የደብተሯ ፎቶ ነው፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ቁጥር፣ እዚህም እዚያም ስርዝ ድልዝ። ከሥሩ «ጋሼ 9232 ደረሰ፣ ይወርዳል እንዴ?» ይላል።

ይወርዳል አልኳት፤ በ111ኛው እርምጃ 1 ላይ ያርፋል። «ለሁሉም ቁጥርስ?» አለችኝ። ያንን እስካሁን ያረጋገጠ ሰው የለም ብዬ ጻፍኩላት። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ነበር፤ ኦንላይን እንዳለች ያሳያል፣ ግን መልስ አልጻፈችም። ጠዋት እናቷ ደውላ «ምን ነግረሃት ነው ሌሊቱን ስታሰላ ያደረችው?» አለችኝ።