በሙጫ የታሰረ ባትሪ

ባትሪው አብጦ የስልኬን ጀርባ ገፋውና መርካቶ ወሰድኩት። ጠጋኙ ሙጫውን በሞቃት አየር እያላላ፣ ጠርዙን በስስ ፕላስቲክ ሲፈለቅቅ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። በመጨረሻ የጀርባው መስታወት ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ልጁን አልወቅሰውም፤ እጁ የተባረከ ነው። የሚያንገበግበኝ ስልኩን እንዳይከፈት አድርጎ የሠራው ኩባንያ ነው! ድሮ ክዳኑን በጥፍራችን ገልጠን ባትሪ እንቀይር አልነበረም?

«በሙጫ የምናሽገው ውሃ እንዳይገባው ነው» ይሉናል አምራቾቹ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ5 ክዳኑ በእጅ እየተከፈተ፣ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነበር። እርግጥ ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመ ውሃ ያስገባል፤ ስልኩም ትንሽ ይወፍራል። ይወፍር! እኔ ስልክ ይዤ አልዋኝም። ለቅጥነቱ ሲባል ግን ባትሪው ብቻ የደከመ ደህና ስልክ ልጥል ነው።