ወረፋው ነው ወጥ ቤቱ

ሰሞኑን «የቺካጎ ምርጥ ሆት ዶጎች» የሚል ዝርዝር በየቴሌግራሙ ሲዞር ሰንብቷል። ሆት ዶግ ዳቦ ውስጥ የሚገባ ቋሊማ ነው፤ የቺካጎው ላይ ሰናፍጭ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሌላም አትክልት ይጨመርበታል። እናንተም ጋ ሳይደርስ አይቀርም። አዘጋጁ መመዘኛዎቹን በኩራት ደርድሯል። ወረፋ ያለበት ቤት ነጥብ ይቀነስበታል። መቀመጫ የሌለው ይቀነስበታል። ካችአፕ የማይሰጥም እንዲሁ። ከከተማዋ ወሰን ውጭ ያለ ቤት ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። ሲያጠቃልል ምን ይላል? ቋሊማው በአብዛኛው ከአንድ ፋብሪካ ስለሚመጣ የትም ብትበሉት ያው ነው፣ ስለዚህ የሚመቻችሁን ቤት ምረጡ።

ያው ነው!

ሌላውን ሁሉ ባልፈው ይህቺን ግን አላልፋትም። ጤፉ ከአንድ ወፍጮ ቤት ስለወጣ እንጀራው ሁሉ እኩል ነው እንደማለት ነው። እንዲህ የሚል ሰው ምጣድ አጠገብ ደርሶ አያውቅም።

ቋሊማው በአብዛኛው አንድ ዓይነት መሆኑን ማንም አይክድም። የቺካጎ ሆት ዶግ ቤቶች በብዛት የሚጠቀሙት ቪየና ቢፍ የሚባለውን ኩባንያ ቋሊማ ነው። ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ የመጡት ኤሚል ራይክልና ሳም ላዳኒ እ.ኤ.አ. በ1893 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው) በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ ስሙ ከከተማዋ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ሆት ዶጉ የሚሠራው ከከብት ሥጋ ነው፤ አሳማ ለማንቀምሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ ቋሊማው አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ይሄ ነበር። ሰውየው ግን ጥያቄውን መልስ አድርጎት ቁጭ አለ።

እኔ ልንገራችሁ። ልዩነቱ የሚመጣው ከፍጥነት ነው። ሌላ ሚስጥር የለውም።

ቋሊማው ከፋብሪካ የሚወጣው በስሎ ነው። ሆት ዶግ ቤት የሚሠራው ሥራ ማሞቅና በልኩ ሰዓት ማውጣት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ቋሊማው የሚቀመጥበት ውሃ መንተክተክ የለበትም። ከፈላ ሽፋኑ ይተረተራል፣ ጨውና ስቡ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ለእናንተ የሚደርሳችሁ ገለባው ነው። ሳይፈላም ቢሆን ብዙ ከቆየ ያብጣል፣ ቆዳው ይላላል። ጥሩ ቋሊማ ስትነክሱት ቀጭ ይላል። የሰነበተው ድምፅ የለውም፤ ጥርሳችሁ ስር ዝም ብሎ ይሟሟል።

ዳቦውም እንደዚያው። የቺካጎ ሆት ዶግ ዳቦ ፖፒ የሚባል ጥቃቅን ዘር የተነሰነሰበት ለስላሳ ዳቦ ነው፤ በእንፋሎት ይሞቃል። እንፋሎቱ ካነሰው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከበዛበት ወደ ሊጥነት ይመለሳል። በሁለቱ መሃል ያለችው ጊዜ በጣም አጭር ናት። ቲማቲሙ ተቆርጦ ከቆየ ውሃ ይቋጥርና ዳቦውን ያረጥበዋል። ሽንኩርቱ ከትናንት ከሆነ ሽታው ሌላ ነው። አብሮ የሚቀርበው የድንች ቺፕስማ ከዘይት ከወጣ ደቂቃዎች በኋላ ሙሽሽ ይላል፤ ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ሁለት ቤት አስቡ። አንዱ በር ላይ ወረፋ አለው፣ ሌላው ባዶ ነው። ባዶው ቤት ያለው ባለቤት ምን ሊያደርግ ይችላል? ሰው መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ስለዚህ ቋሊማውን ውሃ ውስጥ ያቆየዋል፣ ዳቦውን እንፋሎት ላይ ያቆየዋል፣ ቺፕሱን መብራት ስር ያቆየዋል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሌላ ምርጫ የለውም። ወረፋ ያለው ቤት ግን ለማስቆየት እንኳ ቢፈልግ አይችልም። አንዱ ዳቦ ከእንፋሎት ሲወጣ ሌላው ይገባል። የሚያረጅ ነገር የለም፤ ለማርጀት የሚተርፈው ጊዜ የለውም። ወረፋው የወጥ ቤቱ አንድ አካል ነው፤ እንዲያውም ዋናው አካል። ይሄ አዘጋጅ ግን በዚያ ነጥብ ይቀንሳል። ምግቡን ትኩስ ባደረገው ነገር ቤቱን ቀጣው ማለት ነው!

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ጂን ኤንድ ጁድስ የሚባለው ሆት ዶግ ቤት ሂዱ። ከኦሄር አየር ማረፊያ ብዙም አይርቅም፣ ከቺካጎ ወጣ ብላ ያለችው ሪቨር ግሮቭ ውስጥ ነው። መቀመጫ የለውም። ካችአፕ የለውም። ቲማቲም የለውም፣ የሆምጣጤ ኪያር የለውም፣ የሴለሪ ጨውም የለውም። ያለው ሰናፍጭ፣ ሬሊሽ (ደቆ የተከተፈ ጣፋጭ የኪያር አቻር)፣ ሽንኩርት፣ ትንንሽ ቃሪያና ቺፕስ ነው። ድንቹ ዓይናችሁ እያየ ይቆረጣል። ልጁ ሙሉውን ድንች መቁረጫው ላይ ያስቀምጥና እጀታውን በክንዱ ሙሉ ኃይል ወደ ታች ይጫነዋል፤ ድንቹ ቀጫጭን ሆኖ ስር ወዳለው ባልዲ ይወርዳል። ወዲያው ሌላ ድንች ያነሳል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ደግሞ ዳቦውን በአንድ እጁ ከፍቶ ቋሊማውን ይከታል፣ በሌላው ሰናፍጩን ከዳር እስከ ዳር ያሰምራል፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይጨምራል። ከላይ ከዘይት የወጣውን ቺፕስ ይከምርበትና ወረቀቱን ጠቅልሎ ይሰጣችኋል። ቀና ብሎም አያያችሁም። ማንን ይይ? ከኋላችሁ ያለው ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ቆሟል።

ወረቀቱን ስትፈቱ ቺፕሱና ዳቦው እንፋሎት ተጋርተዋል፣ የቃሪያው ሆምጣጤ ወደ ድንቹ ወርዷል። ዳቦው ለስልሷል እንጂ አልላቆጠም። ቋሊማው ቀጭ ይላል። እስኪ የትም ብትበሉት ያው ነው በሉኝ!

ይህንን ቤት ነው እንግዲህ ዝርዝሩ ያላካተተው። ምክንያቱ ምንድን ነው? ከከተማዋ ወሰን ውጭ ስለሆነ። ከማዘጋጃ ቤቱ ነው እንዴ የምንበላው? የጂን ኤንድ ጁድስ መሥራች በ1940ዎቹ ሥራውን የጀመረው እዚያው ቺካጎ ውስጥ ነበር፤ ወደ ሪቨር ግሮቭ የዞረው በኋላ ነው። ቤቱ ወሰኑን ሲያልፍ ሰናፍጩ ዜግነት ቀየረ? የቺካጎን ሆት ዶግ የሚፈልግ ሰው መኪና አስነስቶ ዳር ዳሩን ካልዞረ ግማሹን አላየም። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ሆት ዶግ ቤት፣ ፖርቲሎስ ራሱ የተጀመረው በ1963 ቪላ ፓርክ ውስጥ በአንዲት ተጎታች ነው፤ ቪላ ፓርክ ደግሞ ቺካጎ አይደለችም። ዝርዝሩ ግን ፖርቲሎስን አስገብቷል። ከተማው ውስጥ ቅርንጫፍ ስላለው መሆኑ ነው። ሕጉ ለማን እንደወጣ እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

ዝርዝሩ አንደኛ ያደረገውን ቤት ስሙን አላነሳም፤ እዚያ የሚሠሩት ልጆች ምንም አላጠፉም። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። እንደ ተባለው ወረፋ የለም። ወንበሩ ይመቻል፣ ሙዚቃው ዝግ ያለ ነው። ሆት ዶጉ በእንጨት ሳህን መጣ፤ ላዩ ላይ ከአንድ ሆት ዶግ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው አይብ፣ የካራሜል ሽንኩርትና ስሙን የማላውቀው ቅጠል ተከምሯል። ያን ሁሉ በሹካ ገፋ አድርጌ ቋሊማውን ብቻ ነከስኩት። ድምፅ የለም። ቆዳው ተሸብሽቧል። መቼ ውሃ እንደገባ አልጠየቅኩም። ቅጠሉ ለምን እንደተከመረ ግን ገባኝ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቼ ሆት ዳግስ የሚባለውን የቺካጎ ሆት ዶግ ቤት ያነሱብኛል። ዳግ ሶን የሚባለው ሰው ያን የመሰለ የተራቀቀ ቋሊማ ሲሸጥ ከተማው አላበደለትም ወይ? ፎዋ ግራ የሚባለውን የዳክዬ ጉበት ሆት ዶግ ላይ አድርጎ አልሸጠም ወይ? ሸጧል። ከተማዋ ጉበቱን በሕግ ከልክላ በነበረችበት ጊዜ፣ በ2007፣ 250 ዶላርም ተቀጥቶበታል። በ2014 ሲዘጋም ሰው አልቅሷል። ግን ወገኖቼ፣ ሆት ዳግስ በር ላይ ምን ነበር? ወረፋ! ሕንፃውን ዞሮ የሚሄድ ወረፋ። በክረምት በበረዶ ጭምር ሰው ይቆም ነበር። ጉበቱም የሚጣፍጠው ስለማይሰነብት ነው። ዛሬ እሱን እንመስላለን የሚሉት ጉበቱን ወስደው ወረፋውን ትተውታል። ይህንን ምሳሌ ያመጣችሁልኝ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ክርክሩን ራሳችሁ ጨረሳችሁልኝ።

የመቀመጫው ነገርማ ያስቃል። የቺካጎ ሆት ዶግ ያደገው ቆሞ በሚበላ ሠራተኛ መሃል ነው። ፍሉኪስ የሚባለው ቤት በ1929 ቺካጎ ማክስዌል ስትሪት ላይ ሲጀምር፣ ያ ሁሉ ሰው ሥራ አጥቶ በሚንከራተትበት ዘመን፣ ዳቦው ላይ አትክልቱን ጨምሮ በ5 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ያን ጊዜ ለወንበሩ ስንት ነጥብ ይሰጡት ነበር ይሆን? እሺ፣ ሕፃን ያዘለች እናት ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው መቀመጥ ይፈልጋል፤ ይገባኛል። ለእነሱ ፖርቲሎስ ሰፊ አዳራሽ አለው። ወይም ደግሞ ሱፐርዶግ የሚባለው ቤት ይሂዱ፤ ሚልዋኪ ጎዳና ላይ ከ1948 ጀምሮ አለ፤ ጣሪያው ላይ ሁለት ግዙፍ የቋሊማ ሐውልቶች ቆመው ስለሚታዩ አያመልጣችሁም። መኪናችሁ ውስጥ ቁጭ እንዳላችሁ ታዛላችሁ፣ አስተናጋጅ እስከ መስኮታችሁ ታመጣላችኋለች። የራሱ ቋሊማ ነው፣ ከቪየና አይገዛም። ካዘዛችሁ በኋላ ስለሚሠራም ያስጠብቃል። አያችሁ? እዚያም ትጠብቃላችሁ፤ ተቀምጣችሁ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ካችአፑን በአጭሩ ልለፈው፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነው፣ ሰልችቶኛል። ሬሊሹ ጣፋጭ ነው፣ ቲማቲሙ ጣፋጭ ነው። ሦስተኛ ስኳር ምን ይሠራል? ካችአፕ አምራቹ ሃይንዝ በ2017 ያንኑ ካችአፕ «የቺካጎ ዶግ ሶስ» የሚል ስም ለጥፎበት ሊያስለምደን ሞክሮ ነበር። ልጅ ካችአፕ ይፈልጋል፣ ይስጡት። አዋቂ ሰው ግን ካችአፕ ከለከሉኝ ብሎ በአንድ ቤት ላይ ነጥብ ሲቀንስ ቢያፍር ደግ ነው።

እንግዲህ ፈልጉ ካላችሁኝ፣ እኔ እንዲህ ነው የምፈልገው። ጾም ባልሆነ ቀን፣ ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ላይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ እሄዳለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ሄዶ ሆት ዶግ ቤትን መመዘን ነውር ነው። ሜኑውን ሳይሆን በሩን አያለሁ። የቀን ሠራተኛ፣ የፖስታ ቤት ሰው፣ ዩኒፎርም የለበሰች ነርስ ካሉበት እሰለፋለሁ። እነዚህ ሰዎች የምሳ ሰዓታቸው አጭር ነው፤ ለማይረባ ነገር አይቆሙም። ቀጥሎ ቆሻሻ መጣያውን አያለሁ። ግማሽ የተበላ ዳቦ ከበዛበት ወጥቼ እሄዳለሁ። ግራንድና ፑላስኪ መገናኛ ላይ ያለው ጂሚስ ሬድ ሆትስ ከ1954 ጀምሮ ይህንን ፈተና ሲያልፍ ኖሯል። እዚያም ካችአፕ አትጠይቁ፤ እዚያም ቺፕሱን አብረው ይጠቀልሉታል።

ሲሰጧችሁ ደግሞ እዚያው ብሉት። ቆማችሁ፣ የመኪናችሁ ኮፈን ላይ ወረቀቱን ዘርግታችሁ፣ እንደፈለጋችሁ። ቤት ይዤ ልግባ የምትሉ፣ በተለይ በዴሊቨሪ ልዘዝ የምትሉ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ኬኔዲ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት በላስቲክ ታፍኖ የመጣ ሆት ዶግ እኮ ማንም ቤት ይሥራው ማን ያው ነው። ሰውየው ምናልባት የመዘነው እሱን ይሆናል።