«ጋሼ፣ ብቻውን አሳዘነኝ»

ዛሬ ሆዴ እንደተቃጠለ ነው የምጽፈው። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ይሄ ሁሉ ለዓሣ ነው?» ይለኛል። አዎ፣ ለዓሣ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስት ሞቱብኝ። ከጣት ጥፍር ጀምሬ ያሳደግኳቸው፣ ልጆቼ ስም ያወጡላቸው ዓሦች ናቸው።

ባሕር ዳር ቤቴ ሳሎን ውስጥ 300 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። አምስት ዓመቱ ነው። ያሉበት የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች ናቸው። ድንጋይ ለድንጋይ የሚኖሩ፣ ቁጡ ዓሦች። እያንዳንዱ ወንድ የራሱ ጉድጓድ አለው፤ ድንበሩን ያለፈውን ይነክሳል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እንግዳ ማስገባት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህንን ነው ለሰው ማስረዳት ያቃተኝ።

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ቢጫ ሲክሊድ በፌስታል ይዞልኝ መጣ። ሻጩ «ጤነኛ ነው፣ ዝም ብሎ ይጨምረው» ብሎታል። ይቺ «ዝም ብሎ ይጨምረው» የምትባል ነገር ስንቱን አኳሪየም አጠፋች! ዓሣው መንገድ የዋለው ከራሱ በወጣ ቆሻሻ፣ አሞኒያ በሚባለው ውስጥ ነው። ፌስታሉ እስከታሰረ ድረስ ትንፋሹ ውሃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው አሞኒያው ብዙም አይጎዳውም። ሲፈታ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና አሞኒያው ያን ጊዜ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ፌስታሉን እንደታሰረ 15 ደቂቃ አንሳፍፌ ሙቀቱን አመጣጠንኩ። ከዚያ ፈታሁት፣ ዓሣውን ብቻ በመረብ አወጣሁ፣ ውሃውን ደፋሁት።

ያስገባሁትም ጓዳ ባለችው 40 ሊትር መስታወት ውስጥ ነው። የራሷ ማጣሪያ፣ የራሷ መረብ አላት። አራት ሳምንት እንዲቆይ። በኮሮና ጊዜ ለይቶ ማቆያ የሚባለውን ሁላችንም አውቀነው የለ? ያው እሱ ነው።

በአምስተኛው ቀን ለሥራ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። አድሬ ስመለስ ትንሿ መስታወት ባዶ ናት። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደስ ብሎት ተቀበለኝ። «ጋሼ፣ ብቻውን አሳዘነኝ፤ ከጓደኞቹ ቀላቀልኩት» አለኝ። ከነውሃው ነው የገለበጠው።

ምን ልበለው? ልጁ ክፋት የለበትም። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚበላ ፍጡር ያሳዝናል። ግን እንዴት አንድ ስልክ አይደወልም? ቢጫው ጥግ ይዞ፣ ክንፉ ተቦጫጭቆ ነበር። እኔ ብሆን መጀመሪያ ነባሮቹን አጠግባለሁ። ድንጋዩን አፈራርሼ እንደገና እደረድራለሁ፤ ያኔ ሁሉም ድንበሩ ይጠፋበታል። መብራቱን አጥፍቼ በጨለማ አስገባዋለሁ። በማግስቱ ሁሉም እኩል አዲስ ሰፈር ያገኛል።

ድብደባው ግን ቀላሉ ነበር። በአራተኛው ቀን ነባሮቹ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጥብ ወጣ። ጥገኛ ተውሳክ ነው። ቆዳ ሥር ገብቶ ያድጋል፣ ወደ ታች ወርዶ ይራባል፣ ከአንዱ መቶዎች ወጥተው ሌላ ዓሣ ይፈልጋሉ። መድኃኒቱ የሚገድለው በውሃ ውስጥ ሲዋኝ ያገኘውን ብቻ ነው፤ ቆዳ ሥር ያለውን አይደርስበትም። ዑደቱን ለማፋጠን ሙቀቱን ወደ 30 ዲግሪ አወጣሁ። የሞቀ ውሃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩም ስስ ነው። የአየር ፓምፑ ለደቂቃ መቆም አልነበረበትም።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ።

እስኪነጋ በጣሳ ውሃ እየቀዳሁ ከላይ አፈሰስኩ። አየር እንዲያገኝ። ባለቤቴ ባትሪ ይዛልኝ ቆመች። ክንዴ ዝሎ ጣሳው ከእጄ ሲወድቅ እሷ ተቀበለችኝ። ሊነጋጋ ሲል አራቱ ተገልብጠው ተንሳፈፉ። ሁለቱ በማግስቱ ተከተሉ።

ጎረቤቴ ሊያጽናናኝ መጥቶ «ጣና ሞልቶልህ!» አለኝ። ይሄ ንግግር እንዴት እንደሚያመኝ! ጣናም ቢሆን እኮ እንግዳ እንደልቡ የሚገባበት አልነበረም። ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ የጢስ ዓባይን 40 ሜትር ያህል ገደል ወጥቶ አይደርስበትም። ሐይቁ ሌላ ቦታ የማይገኙ ነጭ ዓሦች ያፈራው ለብቻው ስለቆየ ነው። እምቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. ታየ ከተባለ ወዲህ ደግሞ አንድ መጤ አረም ምን እንደሚያደርግ አይተናል። በእጁ እምቦጭ የነቀለ ጎረቤቴ እንዴት ይሄ ይጠፋዋል?

ትናንት ማታ ለሻጩ ራሴ ደወልኩ። «የኔ ዓሣ ምንም አልነበረበትም» አለኝ። ስንት ቀን እናንተ ጋ ቆየ አልኩት።

«ኧረ ምን ይቆያል፣ የገባ ለት ነው የተሸጠው።»